የዳር ውሃ

የግድቡን በር ጠባቂ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «አንድ ትንፋሽ» ነው የሚሉት። ትልቁን የብረት መዘውር ይዞ አንዴ ማዞር ከጀመረ በሩ ግጥም ሳይል እጁን አያነሳም ነበርና። ሌሎቹ ጠባቂዎች ሦስቴ አርፈው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ወገባቸውን ይዘው የሚጨርሱትን እሱ ሳያርፍ ይጨርሰዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለእሱ የሰነፎች ማጽናኛ ነበር። ሰው መቼም በአንድ ነገር መኩራት አለበት፤ እሱ የኮራው በዚህ ነው።

ቤቱ ከግድቡ ሥር ናት። አንድ ክፍል፣ ወደ ወንዙ የሚያይ አንድ መስኮት፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ኩባያ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰፊ ሰማያዊ ሳፋ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከኩባያዎቹ አንዱ ብቻ ነው የሚታጠበው። አንዲት ልጃቸው ሩቅ ከተማ ትሠራለች። እሁድ እሁድ ትደውልና «በላህ አባዬ?» ትለዋለች፤ «በላሁ» ይላታል፤ ከዚያ ይሰነባበታሉ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጭር ይላል።

ሚስቱ አንድ አመል ነበራት። እሱ በሩን በዘጋ ቁጥር ሳፋውን ታቅፋ ወደ ወንዙ ዳር ትወርዳለች። ውሃው በድንገት ሲጎድል ዳር ላይ የሚቀሩትን የዓሣ ጫጩቶች እየለቀመች ወደ ዋናው ውሃ ትመልሳለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶና ጭቃ ለብሶ ስትመለስ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «የዓሣ አዋላጅ መጣች!» እያለ ይስቅባታል። አትቀየምም።

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል» ትለዋለች። «እኛ ቤት ግን የሚቸኩለው አንተ፣ የምለቅመው እኔ።»

እሱ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የሚሰማው። አንድም ቀን ተከትሏት ወርዶ አያውቅም።

እሷ ከተቀበረች በኋላ የመዝጊያው ቀን ሲደርስ እንደ ልማዱ ሳያርፍ ዘጋው። በማግስቱ ነጫጭ ወፎች ዳሩን ሞልተውት አየ። ሽታም ነበር። ወረደ። የከብት ኮቴ በቀደደው ጉድጓድ ሁሉ፣ በየሣሩ ሥር፣ ከጥፍር የማይበልጡ ጫጩቶች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። እጁን ቢነክር ውሃው ይፋጃል።

ጫጩት የመሐሉን ውሃ አይደፍርም፤ ጉልበት የለውማ። የሚያድገው ዳር ነው፤ ውሃው ስስና ለብ ያለ፣ ሣሩ ፍሰቱን የሚያበርድለት፣ ትልቅ ዓሣ ገብቶ የማይውጠው ቦታ። ውሃው ቀስ ብሎ ሲጎድል እሱም አብሮ ይወርዳል። በድንገት ሲሸሽበት ግን ሣር ሥር እንደተሸሸገ ይቀራል፤ ከዚያ ፀሐይ ታገኘዋለች። ሚስቱ ይህን ስታውቅ ኖራለች። እሱ ግን አሁን ገና ገባው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ በቀብሯ ዕለት ያላለቀሰውን አለቀሰ። ለዓሣው ነው ለእሷ ብሎ የሚጠይቀው ሰው እንኳ አልነበረም።

በሩ እንደገና የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ትእዛዝ ሳይመሽ ይዘጋ የሚል ነው። እሱም መላ ዘይዶ ነበር፦ መዘውሩን ትንሽ ያዞራል፣ ወርዶ ዳሩን ያያል፣ ጫጩቶቹ ውሃውን ተከትለው ከወረዱ ተመልሶ ትንሽ ያዞራል። ከማለዳ እስከ ማታ የሚፈጅ ሥራ ነው።

በዋዜማው፣ እሁድ ሳይሆን፣ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ነገ በመሥሪያ ቤት መኪና በናንተ በኩል እናልፋለን። መገንጠያው ሻይ ቤት ለምሳ እንቆማለን። ና፣ ልይህ። መኪናው የኔ ስላልሆነ አይጠብቅም።»

«እመጣለሁ ልጄ! እንዴት አልመጣም!»

ከቀብሩ ወዲህ አይቷት አያውቅም። መገንጠያው ግን በእግር ሩቅ ነው፤ ሄዶ እስኪመለስ የቀኑ እኩሌታ ያልቃል። በሩን እንደ ድሮው አንዴ ዘግቶት ከሄደ ይደርሳል። ቀስ እያለ ከዘጋ አይደርስም።

ጠዋት ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ መዘውሩን ያዘ። ማዞር ጀመረ። ልጄን ላያት ነው፣ ማን ይፈርድብኛል እያለ አዞረ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሳያስበው ወደ ታች አየ። ውሃው ሣሩን ጥሎ እየሸሸ ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። እጁ ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘውሩን ወደ ኋላ መለሰው፤ ውሃውም ወደ ሣሩ ተመለሰ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ልጄ፣ አልደርስም።»

«ምነው? አመመህ?»

«በሩን ቀስ እያልኩ እየዘጋሁ ነው። ጫጩቶቹ እንዳይቀሩ።»

«ዓሣ ከኔ በለጠ አባዬ?»

«የእናትሽን ሥራ ነው የምሠራው» አላት።

ከስልኩ የመኪናው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«የሳፋውን አንድ ጫፍ እኔ ነበርኩ የምይዝላት» አለች በመጨረሻ። «ሲሞላ ይከብዳል፤ ለብቻ አይቻልም።»

እናቷን ተከትላ ስትወርድ ለጨዋታ ይመስለው ነበር እንጂ ይህን አያውቅም ነበር። «አንቺ ከሄድሽ በኋላስ?»

«ከሄድኩማ ብቻዋን ነበረች።»

አጠገቧ የሆነ ሰው የጠራት መሰለው፤ «በቃ አባዬ፣ በሌላ ጊዜ» ብላ ዘጋች።

ቀኑን ሙሉ ሲያዞርና ሲወርድ፣ ሲወጣና ሲያዞር ዋለ። ጫጩቶቹ ውሃውን እየተከተሉ ወረዱ፤ ደስ አለው፣ የሚነግረው ግን አጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ተዘጋ። ዳሩን ሲያስስ አንድ ጉድጓድ ብቻ ቀርቶ አገኘ፤ በጫጩት ተሞልቷል። ሳፋውን ከግድግዳው አውርዶ አመጣና ጉድጓዱን ከነውሃው ጨልፎ ሞላው። ሊያነሳው ሲል ሳፋው ወደ አንድ ጎን አጋደለ፤ ውሃው ለልጁ ብሎ በለበሰው ኮት ላይ ፈሰሰ። ቶሎ መልሶ አስቀመጠው።

ልጅቷ ልክ ናት፤ ይከብዳል። ሌላውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው እንዳለ ሁሉ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ አየ። ደጃፉ ላይ፣ እሱ እየሳቀ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ማንም የለም።

ሳፋውን ሆዱ ላይ ደግፎ ብቻውን ተሸከመው።