በሰው ድንኳን የተለቀሰ

ከጦርነቱ በኋላ ለተገብርኤልን የሰፈራችን የዓይናለም ሰው መነጋገሪያ ያደረጋት ለቅሶ ነው። ድንኳን ከተተከለ እሷ አለች። ሟቹን አታውቀው ይሆናል፤ ግድ የላትም። የነጠላዋን ጥለት አዘቅዝቃ ትገባና ከባለ ሐዘኖቹ በላይ ታለቅሳለች፤ ድምጿ እስኪዘጋ።

"ለተ፥ ዛሬስ የማን ዘመድ ሆነሽ ነው?" ትላታለች ጎረቤታችን ኣበባ፥ ስንመለስ።

"የሟች።"

"ጎሽ! እኔም ስሞት እንዳትቀሪብኝ። የወለድኳቸው እንዳንቺ አያለቅሱልኝም።"

እንስቃለን። ለተም ዓይኗ እንዳበጠ ትስቃለች። ቤቷ ሳትደርስ ግን እኔ ግቢ ገብታ ፊቷን ትታጠባለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ባሏ አቶ ገብረጻድቅ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይደርስባቸው ብሏል። አንድ ልጃቸው ሔሩይ ዘምቶ አልተመለሰም፤ እሳቸው ወንበራቸውን አጥር በር ላይ አድርገው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ።

"ደወለ?" ይሏታል።

"ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም አሉ።"

"የሰው ልጆች መጡ እኮ።"

"የእነሱ ጦር ገና ነው። ይመጣል።"

እያደር ለተ ከሳች። እህል አይወርድላትም። ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር እየተነቀለ ይወጣል። ውኃ ልትቀዳ መጥታ ጄሪካኑን ትታ ትሄዳለች። ጠበል ወሰድናት። ጤና ጣቢያም ሄደች፤ ጨጓራ ነው አሏት።

በኋላ የሞቱት ልጆች መርዶ ለየቤተሰቡ ተነገረ። መርዶ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌዎች ከካህን ጋር በማለዳ ይመጣሉ፤ ጎረቤት ዙሪያውን ይከባል፤ ከዚያ ነው አፍ የሚከፈተው። እነለተ ቤትም እንደዚያው ሆነ። አቶ ገብረጻድቅ "ወይለይ ወደይ! ወይኔ ልጄን!" ብለው መሬት ላይ ወደቁ። ልባቸው ቀጥ ትላለች ብለን ፈርተን ያዝናቸው። ልባቸው ቻለች። አልቅሰው አልቅሰው ደከማቸው፤ ሰንበት ሲል ምግብ ጠየቁ።

ለተ ግን እንባ አልወጣትም። ደረቷን መታች፥ አፏን ከፈተች፥ ምንም የለም። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። ባሏ ቀና ብለው ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"ለባዳ ስትጮኺ ኖረሽ ለልጄ እንባ አጣሽ?" አሏት።



የከተማው ውኃ ከእኛ ሰፈር ጉድጓድ ይወጣል፤ የእኛ ቧንቧ ግን ደረቅ ስለሆነ ጉድጓዱ አጠገብ ወረፋ እንጠብቃለን። አንድ ቀን እዚያ ከለተ ጋር ጄሪካናችን ላይ ተቀምጠን ሳለ፦

"አውቅ ነበር" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የሔሩይን። ሰላም በሆነ ሰሞን ገበያ ውስጥ ጓደኛውን ቴድሮስን አገኘሁት። መርዶው የደረሰኝ መስሎት፥ 'ኣደይ፥ እግዚአብሔር ያጽናሽ' አለኝ። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። አስመዘንኩና ቤቴ ገባሁ።"

"ለእኔ እንኳ?"

"ለአንቺ ብነግርሽ ለኣበባ ትነግሪያለሽ። ኣበባ ካወቀች ማን ይቀራል? አንዱ ባሌ ያለበት በር ድረስ መጥቶ ያጽናህ ቢለውስ? ቤቴ ማልቀስ አልችል። የሰው ቤት እየሄድኩ አለቀስኩት፤ የኔን ልጅ በሰው ስም። እዚያው አለቀ፥ ሰርካዲስ። ተራው ሲደርስ ባዶ ሆኜ ተገኘሁ።"

"እንግዲህ ንገሪያቸዋ።"

"ምን ብዬ? ልጅህ እንደማይመጣ እያወቅኩ መንገድ ሳስጠብቅህ ኖርኩ ልበለው? ልበ ድንጋይ ቢለኝ ይሻላል።"

ተራዋ ደረሰና ተነሣች።

ባለፈው ሳምንት የኣበባ እናት አረፉ። ለተን ልወስዳት ሄድኩ። ለባሏ መድኃኒት እያቀረበች ነበር።

"ለተ፥ እንሂድ።"

"አንቺ ሂጂ። እኔ አልችልም።"

"ተያት ሰርካዲስ" አሉ አቶ ገብረጻድቅ፥ ብርጭቆውን ፊቷን ሳያዩ ተቀብለው። "የእናት አንጀት የላትም።"

አፌን ልከፍት ነበር። ለተ በዓይኗ ያዘችኝ። ኪኒኑን ውጠው እስኪጨርሱ ቆማ ብርጭቆውን ተቀበለቻቸው።

ብቻዬን ሄድኩ። ኣበባ ድንኳኑ ውስጥ ከለቅሶዋ ቀና ብላ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየች።

"ለተስ?"

"አሟታል" አልኳት።