በቢጫ የተጻፈችው እህቴ

ከዚያ ቀን ወዲህ ባለ ቀለም ጽሑፍ ሳይ ያንገሸግሸኛል።

አባታችን ያረፉ ዕለት ታላቅ ወንድሜ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን ጽፎ በቴሌግራም ላከልኝ። እሱ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ አለቃ ነው። "እዚያው ቡራዩ አሳትመህ ቤተ ክርስቲያን ጠብቀኝ" አለኝ። ስከፍተው የሰርግ ጥሪ ይመስላል። ርዕሱ ቀይ ነው። ለሦስታችን ለልጆቻቸው ስም ደግሞ ለየብቻ ቀለም መርጦልናል፤ እሱ ሰማያዊ፣ እኔ አረንጓዴ። አባታችንን ስታጎርስና ስታገላብጥ ትዳር ያለፋት እህታችን ቢጫ ደረሳት።

የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንተር ከጥቁር ሌላ አያትምም። ወረቀቱ ሲወጣ የእህቴ ስም የለም። ወደ በሩ ብርሃን ይዤው ስሄድ የዝንብ ኩስ የመሰለ ነገር ብቻ ታየኝ። ባለቤቱ "አይዞህ ወንድሜ፣ ቶነሩ ነው" አለና አውጥቶ ነቀነቀው። እጁ ጠቆረ፤ ስሟ አልጠቆረም። አድምቆ ሲያትመው የአባቴ ፎቶ ከሰል ሆነ፤ እሷ ያው ናት።

"ለካ ቀለሙ ነው" አለ በመጨረሻ። "ቢጫ እዚህ ማሽን ላይ አይታይም። በወርድ ቢልክልህ ሁሉንም ጥቁር ማድረግ ቀላል ነበር፤ ይሄ ግን ፒዲኤፍ ነው፤ ቀለሙ አይነካም።"

"እንግዲያው እንደ አዲስ ጻፈው" አልኩት። ርዕሱን ጽፎ ሳይጨርስ መብራት ሄደ።

እስክሪብቶ ተዋስኩና በአንዱ ወረቀት ላይ ስሟን አጥብቄ ጻፍኩበትና ከቀሩት ቅጂዎች ጋር ይዤው ሄድኩ።

ወንድሜ ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀበለኝና ወረቀቱን አየው። "የተሞነጫጨረ ወረቀት ይነበብልኝ? መሥሪያ ቤቴ በሙሉ መጥቶ!" አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ንጹሑን ለአንባቢው ሰጠ። አንባቢው ድምፁ ያምራል ተብሎ ከቢሮው የመጣ ነው፤ እኛን አያውቀንም።

"የእሷ ስም እኮ አይታይም!" አልኩት።

"በዚህ ሰዓት ማን ልብ ይላል?" አለኝ። የአባታችን አስከሬን አፈር ሳይለብስ ከእሱ ጋር አልያያዝም ብዬ ተውኩት። ተጸየፍኩት።

ሰውየው በዚያ ባማረ ድምፁ ወንድሜን ጠራ፣ እኔን ጠራ። እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ቀና ብላ ትጠብቅ ነበር። እሱ ግን ለቤተሰቡ መጽናናትን ወደ መመኘቱ አለፈ።

ሐዘንተኛ ይቀመጣል እንጂ አያስተናግድም። እህቴ ግን መቀመጥ አልለመደባትም፤ ድንኳን ስንገባ ማንቆርቆሪያውን ከጎረቤት ተቀብላ ለቀስተኛውን ታስታጥብ ጀመር። ከወንድሜ ቢሮ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት እጃቸውን እየታጠቡ በአዘኔታ አዩዋት።

"ያስታመምሻቸው ሠራተኛ አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ? ልጅ እንኳ እንዲህ አያደርግም አሉ።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለችና ውሃውን ማፍሰስ ቀጠለች።