የሞተ ባሌስትራ

ጭሮ ውስጥ ብረት የሚሸጡ ሰዎች ስለ ብረት የሚያውቁት ክብደቱን ብቻ ነው። ይህን የምለው ተናድጄ አይደለም። ድሮ እናደድ ነበር፤ አሁን ንቄ ትቻቸዋለሁ። ቢላ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ስለት የሚይዝ ብረት በአቅሜ ለማግኘት ያልገባሁበት ሱቅ፣ ያልረገጥኩት የቁራሌ ግቢ የለም። አንዱ የግንባታ ፌሮ ያወጣና "ጀርመን ነው፣ ኦሪጅናል!" ይላል። ፌሮ ነው እኮ! አግለህ ዘይት ውስጥ ብትነክረው፣ ውሃ ውስጥ ብትነክረው፣ ጠበል ብታስጠምቀው አይጠነክርም። ሌላው የበር ላሜራ ቆራጭ ያነሳና "ይሄ ለቢላ የተፈጠረ ነው" ብሎ ይምልልኛል። ሲምል ደግሞ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም።

አንድ ጊዜ አሰቦት በኩል የድሮ መጋዝ የሚሸጥ ሰው አለ ተብዬ በዚያ ሙቀት ወረድኩ። ሰውዬው ያሳየኝ የዛገ የአልጋ ሽቦ ነበር። "መጋዙስ?" ስለው "እሱማ ይመጣል" አለኝ። ከየት እንደሚመጣ አልነገረኝም፤ እስካሁንም አልመጣም። አዲስ አበባ ለመሣሪያ ተብሎ የተሠራ እውነተኛ ብረት እንዳለ አውቃለሁ። ዋጋውን በስልክ ጠይቄ ሳልሰናበት ዘጋሁት።

ደንበኞቼም ከሻጮቹ አይሻሉም። ቲማቲም ላይ የሚጣመም፣ የሚያብረቀርቅ የውጭ ቢላ ይገዙና በሳምንቱ እኔ ዘንድ አምጥተው "ሳልልኝ" ይላሉ። ምኑን ልሳለው? ማንኪያ ይሳላል?

ከሁሉ የባሰችው ግን አክስቴ ናት። ቤተሰቦቼ የከተማ ክርስቲያኖች ናቸው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከረባት አስሮ ቢሮ የሚገባ ሰው ነበር። እኔ ከሰል አቀጣጥዬ ብረት መምታት ስጀምር አክስቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን "እንግዲህ ኩባያህን ለብቻ አደርግልሃለሁ" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። እኛ ዘንድ ቀጥቃጭ በሠራው ቢላ ሁሉም ሰው ሥጋ ይቆርጣል፤ ቀጥቃጩ በጠጣበት ጣሳ የሚጠጣ ግን የለም። ቡዳ ነው ይባላላ። "ኋላ ቀር!" ብዬ ጮህኩባት። "በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን!" ብዬም ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ሰፈሩን ሁሉ አስተማርኩ፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተናግሬያለሁ።

ከትምህርቱ በኋላ ግን ሁሌም አንድ ነገር እጨምር ነበር። "ደግሞም እኔ ቀጥቃጭ አይደለሁም" እል ነበር። ግራይንደር አለኝ፣ የቆዳ ሽርጥ አለኝ፣ ሙያውን የተማርኩት ከስልክ ነው። እኔ ቢላ ሠሪ ነኝ።

ቀጥቃጭ ማለት ለእኔ ከመሰላ በኩል በገበያ ቀን እየመጣ ከገበያው ዳር፣ ከፍየል ተራው አጠገብ የሚቀመጠው ሽማግሌ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ መሬት ላይ ተክሎ፣ ወናፉን በእግሩ እየረገጠ ማጭድና መጥረቢያ ይሠራል። ቢላዎቹ ጥቁር፣ የመዶሻ ጠባሳ የሞላባቸው፣ ለዓይን የሚያስጠሉ ነበሩ። አባቴን የሚያህል ሰው ነው። እኔ ግን አንተ እለው ነበር፤ ሁሉም ሰው አንተ ነው የሚለው።

አንድ ዓመት አረፋ ሲቃረብ ሐጂ ጠሩኝ። ሐጂ ከግቢያችን ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። በልጅነቴ ከዛፋቸው ማንጎ ስሰርቅ ይዘውኝ፣ ጆሮዬን ቆንጥጠው፣ ማንጎውን አስይዘው የላኩኝ ሰው። በየአረፋው ለራሳቸውም፣ አቅም ላነሳቸው ጎረቤቶቻቸውም በጉን የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ቢላ ሞረድ ሲበላው ኖሮ ቀጥኖ እንደ ወስፌ ሆኗል።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ዘንድሮ ካረድኩ፣ ከዚያ ወዲያ ለልጆቹ ነው የምለቀው። እንግዲህ ማረድ አንድ ጊዜ ነው፤ ተጀምሮ አይቆምም። በጉ ፊት ደግሞ ቢላ አይሳልም፣ ነውር ነው። ቢላዋ ካታለለችኝ ወላሂ እንስሳው ላይ ግፍ ሠራሁ ማለት ነው። ጥሩ ሲቢላ ፈልግልኝ።"

ሲቢላ የሚሉት በኦሮምኛ ብረቱን ነው። "እርስዎ አያስቡ ሐጂ" አልኳቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ከዚያ በግ አልበላም። ግን አረፋ ጠዋት ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የሚያየው የእኔን ቢላ ነው። በጭሮ ቀጥቃጭ የሚለኝን ሁሉ አፉን የማስይዝበት ቀን መጣ ብዬ ነበር።

ብረት ፍለጋ ሂርና ሄድኩ። የጫት መኪኖች መንገዱ ላይ የሚያደርጉት ሩጫ ከጎማቸው በላይ ክብደቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ ብዙ አያቆየውም። የሚሰበረው ሁሉ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ጓሮ ይከመራል። ባሌስትራ ደግሞ ለቢላ የሚሆን ጥሩ ብረት ነው። መካኒኮቹ ያልተሰበረውን በውድ፣ የተሰበረውን በርካሽ ይሰጣሉ። እኔ እንደ ብልጥ የተሰበረውን መረጥኩ። ሁለት ቁራጭ ቢሆን ምን ይጎዳኛል? እኔ የምፈልገው አንድ ክንድ ብቻ ነው።

የመሰላው ቀጥቃጭም እዚያው ነበር። እያንዳንዱን ባሌስትራ በገመድ ያንጠለጥላል፣ በድንጋይ ይመታዋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማል፣ ይጥለዋል። ሌላ ያነሳል፣ ይመታል፣ ይሰማል፣ ይጥላል። ከዚያ ሁሉ ክምር አንድ አጭር ቁራጭ ብቻ አስቀረ።

"አሎ በለው እንጂ!" አልኩት ጮክ ብዬ። "ኔትወርክ የለም እንዴ?"

መካኒኮቹ ተንከተከቱ። እሱም ፈገግ አለና ቁራጩን ጆንያው ውስጥ ከተተ። ድግምት መስሎኝ ነበር፤ ደንቆሮ ሽማግሌ ብዬ ወደ ቤቴ ተሳፈርኩ።

ቢላዋ ግን አማረች፤ ይህን አልክድም። ቀጥቅጬ፣ ሞርጄ፣ ዘይት ውስጥ ነክሬ፣ እንደገና በለስላሳ እሳት አሙቄ፣ እንደ መስታወት እስክታበራ አሸኋት። እጀታዋን ከወይራ አደረግሁት። ሐጂ በሁለት እጃቸው ተቀብለው "ማሻአላህ" አሉ፤ መረቁኝ።

አረፋ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ከሐጂ ግቢ አጥር ሥር ቆምኩ። ወንዶቹ ከስግደት ተመልሰዋል፣ በጉ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሮ ተጋድሟል። ሐጂ ከጀርባቸው ጨርቅ ገልጠው ቢላ አወጡ። ጥቁር ነው፤ የመዶሻ ጠባሳ የሞላበት፣ አስቀያሚ። ቢስሚላህ ብለው አንድ ጊዜ ሳቡት። የሚንቀጠቀጥ እጃቸው ላይ እንኳ አላመነታም፤ በጉ ሳይንፈራገጥ አለቀ።

የእኔ ቢላ የት ናት? ዓይኔ ሲንከራተት ከኩሽናው ደጃፍ አየኋት። የሐጂ ምራት ሽንኩርት ትከትፍባታለች።

ሰው ሲበተን ሐጂን ጠየቅኋቸው። ዓይኔን ማየት አቃታቸው። "አፎት ላሠራላት ገበያ ይዣት ወርጄ ነበር" አሉ። "ያ የፍየል ተራው ቀጥቃጭ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በጠጠር መታት። 'ይሄ ሲቢላ ሞቷል፣ ለሽንኩርት ይሁን' አለኝና የራሱን ሰጠኝ። አንተን ማሳዘን ፈርቼ ነው ልጄ፣ አፉ በለኝ።"

ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ቢላዬን ከሽንኩርቱ ላይ አንስቼ ወጣሁ፤ በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበረ ከቤቴ እስከ ፍየል ተራው እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ሄድኩ።

"አንተ!" አልኩት ገና ከሩቅ። "በማን ሥራ ነው የምትገባው? የትኛው ነው የሞተው?"

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ሽማግሌው ከመስፉ ላይ ቀና አለና ጠጠር አቀበለኝ። ከዚያ የራሱን አንድ ጥቁር ቢላ በክር አንጠልጥሎ ያዘልኝ። መታሁት። እንደ ቃጭል ጮኸ፤ ድምፁ ለመጥፋት ጊዜ ወሰደ። የእኔን አንጠልጥዬ መታኋት። ጠቅ አለች፤ በቃ። የተሰነጠቀ ጋን ነው እንዲህ የሚለው።

ያን ጊዜ ዝም ብዬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን ሰው እያየኝ ነውና "ድምፅ ምን ያረጋል!" ብዬ ጫፏን ከመስፉ ሥር ሸጉጬ ለማጉበጥ ተጫንኳት። ከመሐሏ ሁለት ሆነች። ስብራቱን አየሁት፦ ግማሹ አዲስ ግራጫ፣ ግማሹ ጥቁርና የዛገ። ስንጥቁ ቢላ ከመሆኗ በፊት፣ ገና መኪናው ሥር ሳለ የነበረ ነው። አንድ ቦታ የተሰበረ ባሌስትራ በማይታይ ሌላ ቦታም ተሰነጣጥቋል ማለት ነው። ሽማግሌው ሂርና ላይ ሲሰማ የነበረው ይህን ነው። ያቺ ቢላ ሐጂ በመጨረሻው አረፋቸው በጉ አንገት ላይ ሳሉ ብትሰበርባቸው ምን ይሆኑ እንደነበር አሰብኩ።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቀም። ከጆንያው ሥር ሂርና ያስቀራትን አጭር ቁራጭ አወጣ፤ እንድሰማት አንድ ጊዜ መታትና አቀበለኝ።

"ይቺ ሕያው ናት" አለኝ። "ለሐጂ ሌላ ሥራላቸው። ብረቱ ከእኔ እንደመጣ አትንገራቸው፣ የምትሠራው አንተ ነህ። አቦ፣ ተቀመጥ፣ ላብህን ጥረግ።"

ከጄሪካኑ በቆርቆሮ ጣሳው ውሃ ቀዳና ዘረጋልኝ። የመጨረሻውን ጉንጭ ራሱ የጠጣበት ጣሳ ነበር፤ ከንፈሩ የነካው ቦታ ገና አልደረቀም።

ለአክስቴ ያልኳት፣ በለቅሶ ቤት ያስተማርኩት፣ ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን፣ ሁሉም አፌ ላይ ነበር። ብረቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጣሳውን ግን "ጠጥቼ ነው የመጣሁት" አልኩት።

"እሺ" አለና ውሃውን ወናፉ አጠገብ ካለች አንዲት የደረቀች የቃሪያ ተክል ሥር አፈሰሰው።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለ። ጉሮሮዬ ደርቆ ስለነበር ገብቼ የታሸገ ውሃ ገዛሁ፤ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ጠጣሁት። ሽማግሌው መዶሻውን ይዞ ያየኝ ነበር።