የማይጠራው ስም

ቨርሊን በዊስኮንሲን ገጠር ሠላሳ አንድ ዓመት የላም ማለቢያ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሦስታችንን ምድር ቤቱ ሰብስቦ በተረት ጨዋታ ዘንዶ ያስገድለናል። እሱ ይተርካል፤ ዱዌን፣ ኖርበርትና እኔ ዳይስ የሚባለውን የዕጣ ጠጠር እየጣልን ዕጣችንን እንቀበላለን። የሚያቀርብልን የባቄላ ወጥ ለአፍ አይጥምም፤ ግን ባሌ ጥሎኝ በሄደበት ዓመት ያ ሐሙስ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር!

ጡረታ ሲወጣ ያን ሁሉ ተረት መጽሐፍ አደረገው። የጨዋታው ባለቤት ኩባንያ ደንቡን ማንም እንዲጠቀምበት በክፍት ፈቃድ ለቆታል፤ በዚያ ተማምኖ አራት መቶ ቅጂ አሳተመ። መጽሐፉን የሚሸጥበት የጨዋታ ባዛር ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው የመጻሕፍቱን ካርቶን ፈትቶ አሳየን። ሽፋኑ ላይ የጨዋታውን ስም በትልቁ ጠርቶ፣ «ላሳደገን ጨዋታ ምስጋና» ብሎበታል።

እኔ መቼም ደቃቅ ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም። ፈቃዱን ስልኬ ላይ አወጣሁት።

«ቨርሊን፣ ይሄን አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ። ተጠቀሙበት ነው የሚለው።»

«በደንቡ ተጠቀሙ ይላል እንጂ ስሜን ሽፋን ላይ አውጡ አይልም! ስሙ የንግድ ምልክታቸው ነው። እንዲህ እንዳለ ከሸጥከው ፈቃዱን ታጣለህ።»

«ኧረ እኔ አመሰገንኳቸው እንጂ ምን ሰረቅኳቸው?»

«ፈቃዱ ምን ያውቃል ምስጋናህን?»

ካርቶኑ ላይ ዝርፍጥ አለ። በዕድሜው ያሳተመው አንድ መጽሐፍ፣ እሱም በገዛ ምስጋናው ሊቀበር! አንጀቴን በላው፤ ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

«አሁን ማን ሞተና ነው?» አለ ዱዌን። አይብ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። «ነገ ከፋብሪካው የሚለጠፍ ባዶ መለያ ወረቀት አመጣለሁ። አይብ ላይ ከተጣበቀ ወረቀት ላይ አያቅተውም።»

በማግስቱ ዳይስ በምንጥልበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ስንለጥፍ ዋልን። የጨዋታው ስምም ምስጋናውም ከነጩ መለያ ሥር ገባ።

«መጽሐፉ ጺሙን ሲላጭ ተቆርጦ ፕላስተር የለጠፈ ሰው መሰለ» አለ ኖርበርት።

ቨርሊን አልሳቀም። እስክሪብቶ አንስቶ በነጩ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ጨርሶ ሁለተኛውን ሳበ። አራት መቶውንም በእጁ ሊጽፍ ነው ማለት ነው። አንዱን ነጥቄ አነበብኩት።

«ለዱዌን፣ ለኖርበርትና ለማርሊስ። ሐሙስ ሐሙስ ስለመጣችሁ።»

«ማርሊስ፣» አለኝ ቀና ሳይል፣ «ያንቺን ስም ለመጥራትስ ማንን ላስፈቅድ?»

«ማንንም አታስፈቅድ» አልኩትና እንባዬን ጠርጌ ሌላ ካርቶን ጎተትኩ።