ራዲያተር ውስጥ የገባው ቡላ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሹፌር የሚያፈስ ፒክአፑን ቤቴ በር ላይ አቁሞ፣ "ችግር የለም፣ ቡላ ጨምሬበት ለጊዜው ይዞታል" አለኝ። ጮህኩበት። ሰውዬው ደነገጠ። የራሱን መኪና ነው ያበላሸው፣ እኔን ምን አገባኝ? ግን ቡላና ራዲያተር አንድ ላይ ሲነሱ ደሜ ይፈላል።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩት በአፌ ነው፤ ሲቀላ ሰፈር ካለ ጋራዥ ገብቼ በስድስተኛው ወር የተባረርኩትም በአፌ ነው። ከጋራዡ ይዤ የወጣሁት አንድ መበየጃ ብረትና "እኔ የማላውቀው ነገር የለም" የሚል በሽታ ነበር። ብረቱን ሰርቄ ነው። በሽታው የራሴ ነው።

ቤታችን የጨንቻ መንገድ ከአስፋልቱ የሚገነጠልበት ጋ ነበር። ሚያዝያ ነው፣ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራም። እሁድ ጠዋት ከእማዬ አገር ከጨንቻ አንድ ሸማኔ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ።

"አባትሽ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሱም" አላት። "ስምሽን እየጠሩ ነው። ቶሎ ድረሺ።"

እማዬ አላለቀሰችም። ነጠላዋን እንደወትሮው ለበሰች፤ ጥለቱን እንደ ለቀስተኛ ወደ ላይ አላዞረችውም። ለአባቷ አጥሚት የምታፈላበትን ነጭ ቡላ በላስቲክ ቋጥራ "ትኩሱን ሲጠጣ ይበረታል" አለች።

በዚያ ጭቃ ሚኒባስ አይወጣም። ያለው የጎረቤታችን የጋሽ ደመቀ አሮጌ ፒክአፕ ነው፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚጭኑበት። ጋሽ ደመቀ ሳያቅማሙ መጡ። መኪናው ሲቆም ግን ከፊቱ ስር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

"ራዲያተሩ ነው" አሉ ጎንበስ ብለው። "ዛሬ ጋራዥ ዝግ ነው። እዚሁ ፈትተን እንየው፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው።"

"ሁለት ሰዓት? አያቴ እያጣጣሩ እኮ ነው! ቡላ ጨምሩበት፣ ሲሞቅ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስንቱ ሹፌር በቡላ አዲስ አበባ ገብቷል!"

"አይተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲህ መካኒኩ ጆሮህ ነው።"

"እርስዎ ሙዝ መጫን ይወቁ፣ ሞተሩን ለእኔ ይተዉት!" አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። እማዬ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየችና ቋጠሮዋን ፈታች። "ልጄ ካወቀ ይሁን" አለች። ግማሹን ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርኩት።

ጠብታው ቆመ። "አላልኩም?" አልኩ። ያን ቃል አሁን ድረስ ስሰማው ያሳፍረኛል።

ዳገቱን ጀመርን። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣ የአባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ሲታይ፣ የሙቀት መርፌው ጥግ ደርሶ ቀረ። ኮፈኑን ስንከፍተው ጭሱ ፊታችንን መታው። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ላላ ሳደርገው ነጭ ነገር ቡልቅ ብሎ እጄን ላጠው። የምግብ ሽታ ይሸታል።

"ገንፎ" አሉ ጋሽ ደመቀ። "ቅቤውን ይዘሃል?"

እማዬ ከጋቢናው ውስጥ "ደረስን?" አለች።

ሞተሩን አጥፍተን ቁልቁል በፍሬን እየተንሸራተትን ቤት ተመለስን። አራቱን ብሎን ፈትቼ ራዲያተሩን አወረድኩ። ጎረቤት ሁሉ ውሃ አፈላልኝ፤ ገለበጥኩ፣ አራገፍኩ፣ እንደገና ገለበጥኩ። የበሰለ ቡላ እንደ ሙጫ ነው፣ እየጎተተ ነው የሚወጣው። እየተሳደብኩ ነበር፣ ራዲያተሩን፣ ዝናቡን፣ ሸማኔውን ጭምር። ጋሽ ደመቀ የፈላውን ውሃ ከጎረቤት እየተቀበሉ ያቀብሉኝ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሃው ጠርቶ ሲወጣ፣ ጠዋት ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። አፎቹን በጎማ ቁራጭና በሽቦ አሰርኩ፣ ራዲያተሩን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ውስጥ አጠለቅሁት፣ ትርፍ ውሃ በምታወጣው ቀጭን ቱቦ በአፌ ነፋሁ። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች።

"እዚህ ጋ ነው" አለች። "እዚህ ጋ እየተነፈሰ ነው።"

የላይኛው የውሃ መያዣ ከታችኛው አካል ጋር የሚገናኝበት ላይ፣ በጣት ልክ የረዘመች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ። ውስጡ ውሃ ሲሞቅና ሲገፋ ትከፈታለች። ቡላ ቀርቶ ሲሚንቶ አይዛትም። ቢጫው ነሐስ እስኪታይ ፋቅኋት፣ በሎሚ አሸኋት፣ ብረቱን ከሰል ላይ አግዬ የመበየጃ ቆርቆሮ አቀለጥኩበት። እርጥብ ስለነበር ተንከባሎ ወደቀ። አደረቅሁት። የተላጠው እጄ ብረቱን አጥብቆ አልይዝ አለ። ጋሽ ደመቀ መጥተው ክርኔን ከስር ደገፉልኝ። በሁለተኛው ያዘ። እንደገና ስንነፋው አንድ አረፋ አልወጣም።

ጨንቻ ስንደርስ ጉም ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ግቢውን ሳናየው ጩኸቱን ሰማን። እኩለ ቀን ላይ ነው ያረፉት አሉን። እኩለ ቀን ላይ እኔ ቡላ እያራገፍኩ ነበር።

እማዬ ከመኪናው ወረደች። የተረፈውን የቡላ ቋጠሮ እጄ ላይ አስቀመጠች፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አዞረች። ታላቅ ወንድሟ ከለቅሶው መሀል "ምነው እስካሁን? ስምሽን ሲጠራ ነው የሞተው" አላት። ጋሽ ደመቀ እኔን አዩኝ። አፌን ከፈትኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ይመስለኛል፣ ቃል አልወጣም።

"መንገዱ ነው የያዘን" አለች እማዬ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ለስድብ የፈጠነው አፌ ለዚህ ስንት ዓመት ለገመ። አሁን ቤቴ በር ላይ ራዲያተር እጠግናለሁ። የሚቸኩል ሰው ሲመጣ "ተቀመጥ፣ ሁለት ሰዓት ነው" እላለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል። ይሁን።

ቅዳሜ ዕለት ሹፌሩ ላይ ስጮህ እማዬ ከውስጥ ሰምታለች። አሁን አርጅታለች፣ ብዙ አትወጣም። ውሃ የሞላ ሳፋ በሁለት እጇ ይዛ፣ እያንጠባጠበች መጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ኩርሲ ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩን አላየችውም። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች።

"በል ፍታና አምጣው" አለችኝ።