ኦሳካ ውስጥ የተሰጠኝ ታችኛው አልጋ

መጀመሪያ ያመመኝ የግራ እግሬ ባት ነው። ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ባለው ቤቴ ደጃፍ የተቆለለው በረዶ ገና ቀልጦ አላለቀም ነበር። ሕመሙ ጅማት ሲሸማቀቅ እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ግን አይለቅም። ስነካው ይሞቃል። ከቀኙ ጋር ሳስተያየው አብጧል። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ምልክቱ በግራው ላይ ብቻ ጠልቆ ይቀራል። ለብዙ ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የልብስ አጠባ ክፍል ቆሜ ስለሠራሁ፣ ያለፈው ድካም ነው ብዬ ናቅኩት። በኋላ ጫማ ማሰር ሲያቅተኝ ክሊኒክ ሄድኩና እግሬን በአልትራሳውንድ አዩት። ያየችኝ ባለሙያ ምንም አልነገረችኝም። «ውጤቱን ሐኪሙ ደውሎ ይነግርሻል» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ክሊኒኩ የመዘገበው ስልክ የእኔ ሳይሆን የታናሽ እህቴ የአስካለ ነበር። ፊት ለፊት ሲያናግሩኝ እንግሊዝኛ አያቅተኝም፤ በስልክ ግን ቃላቱ ያመልጡኛል። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት «ለእሷ ንገሯት፣ እሷ ትነግረኛለች» ብዬ ፈቅጄ ነበር።

«ደወሉ እንዴ?» አልኳት።

«ደወሉ፣ እትዬ። ደህና ነው። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተቀመጪ ነው ያሉት» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ጃፓን ልንሄድ ተዘጋጅተን ነበር። የአስካለ ልጅ ዮናስ ኦሳካ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ አያኮ የምትባል የዚያ አገር ልጅ ሊያገባ ነው። አስካለ ሁለት ሥራ በምትሠራበት ዘመን ዮናስን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። «ትልቋ እማዬ» ነው የሚለኝ። ከሠርጉ በፊት ከሙሽራዋ ወላጆች ፊት ቀርበን እንደ ወጋችን ልጃችሁን ስጡን ልንል ነው። ንግግሩን ለእኔ ሰጥተውኛል። አማርኛውን እኔ፣ ጃፓንኛውን ዮናስ። ብሩክሊን ፓርክ የሚኖረው የዮናስ የክርስትና አባት ጋሽ ግርማ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ አብሮን መጣ።

ያረፍንበት ሆስቴል ናምባ በሚባለው ሰፈር መሀል ነው። ርካሽ ነው፤ ዮናስ የመረጠው ለባቡር ጣቢያው ስለሚቀርብ ነው። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ይሞላል። ከፊት ለፊቱ የቁማር ማሽን ቤት አለ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሺህ ሳንቲም ኳኳታ ይወጣል። መግቢያው ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ጫማ ይሰጣል። ሊፍት የለም። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። ክፍሎቹ ውስጥ መጋረጃ ያላቸው አልጋዎች ላይና ታች ተደራርበዋል፤ ከዓለም ዙሪያ የመጡ የጀርባ ቦርሳ የተሸከሙ ልጆች ይተኙባቸዋል።

ጋሽ ግርማ የወንዶቹን ክፍል አየና፣ «ይኼ አልጋ ነው መሳቢያ? አስካለ፣ ጠዋት ስትከፍቺው ካጣሽኝ ካልሲዎቹ ሥር ፈልጊኝ» አለ።

ለእኔ የደረሰኝ ላይኛው አልጋ ነበር። አስካለ ታች ተኝታ የነበረችውን የአውስትራሊያ ልጅ ቀስቅሳ፣ እጇን ይዛ፣ ለምና አስለቀቀችልኝ። ደነገጥኩ። አስካለ ስለ እኔ ብላ ሰው ስትለምን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ እንደ እንቁላል ይይዙኝ ጀመር። ሻንጣዬን የሚያስነካኝ ጠፋ። አስካለ ባት ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ረጅም ካልሲ ገዝታ አመጣችልኝ፤ በየጠዋቱ አንድ አስፕሪን ከውሃ ጋር ታቀብለኛለች። ወደ ጋራው ወጥ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። «ቅመሺ እንጂ፣ ምንም አልበላሽም» ይሉኛል። ዕድሜ ልኩን ሲተርበኝ የኖረው ጋሽ ግርማ መተረቡን ትቶ «እመቤቴ» ይለኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት የአስካለ ስልክ ሲጮህ ደረጃው ላይ ወጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች።

እንዲህ ያለውን ነገር የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። መርዶ ከመነገሩ በፊት ሰው እንዲህ ይሆናል። ሐዘንተኛው ሳይሰማ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ሳይዝል እህል እንዲቀምስ ይለመናል፤ ስልክ ከእሱ ይርቃል፤ የሚተርበው ሰው ጨዋ ይሆናል።

በእኔ ላይ ይህ ሲደረግ የመጀመሪያው አይደለም። አባታችን ሲሞት አስካለ ከመንፈቅ በላይ ደብቃኛለች። እኔ ያኔ ሚኒሶታ ገና መግባቴ ነው። ለአባቴ ወፍራም ካፖርት ገዝቼ «ሰው ሲገኝ ላኪልኝ» ብዬ ሰጠኋት። ካፖርቱን አጥፋ ተቀበለችኝ። «እልካለሁ፣ ደስ ይለዋል» አለችኝ። አባቴ ያን ጊዜ አፈር ከለበሰ ሰንብቷል። እውነቱን ካወቅኩ በኋላ ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት የመለሰችልኝ ሦስት ቃል ነው፦ «ሁሉ በጊዜው፣ እትዬ።» ሰዎች የሆነው ሆኗል፣ ይቅር በያት አሉኝ። ይቅር አልኩ አልኳቸው።

ስለዚህ ኦሳካ ሆኜ ማን ሞቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ደሴ ያለው ወንድማችን ታደሰ ኩላሊቱን ያመዋል። እሱ ነው ብዬ ቆረጥኩ። መጋረጃዬን ዘግቼ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩለት። ከሠርጉ በፊት የነበረው ቀን ጠዋት ግን አልቻልኩም። ወጥ ቤት ገብቼ ስልኩን መታሁ፤ ወይ ሚስቱ ታነሳለች ወይ ለቅሶ እሰማለሁ ብዬ ነው።

«ሃሎ!» አለ ታደሰ ራሱ፣ አንድ ነገር እያላመጠ። «ጃፓን ገባችሁ? ሱሺ የሚሉትን ጥሬ ዓሣ እንዳትበዪ አደራ!»

ሳቅኩ። አለቀስኩም። ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። ታደሰ አልሞተም። ታዲያ የማን መርዶ ነው የሚደበቀኝ?

ያን ቀን ለምሳ የሙሽራዋ ወላጆች ይጠብቁናል። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ። ደረጃውን ወረድኩ። ነጠላዬን ረስቼ ተመለስኩ። መሀሉ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ቆምኩ። ቀኝ ጎኔን ወጋኝ። አየር ስስብ ይወጋኛል። ሳልስብ አልችልም። ልቤ ይሮጣል። ላብ አጠመቀኝ፤ ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የደረሰችው የሆስቴሉ ኃላፊ ናት። ሳቺኮ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ከንፈሬን አየች። ጥፍሬን አየች፤ ጠቁረው ነበር። አስካለ ከላይ እየሮጠች «ምንም አይደለም፣ ውሃ ትጠጣ» ስትል ሰማሁ። ሳቺኮ አልሰማቻትም። አምቡላንስ ጠራች።

በሆስፒታሉ ኦክስጅን አደረጉልኝ። ደም ወሰዱ። ደም መርጋቱን የሚጠቁመው ዲ-ዳይመር የሚባለው ምርመራ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲቲ ስካን አነሱኝ። ሐኪሙ እንግሊዝኛው ዝግ ያለ፣ የሚገባ ነበር።

«ፐልሞናሪ ኢምቦሊዝም ነው» አለ። «እግር ውስጥ የረጋ ደም ተላቆ ሳንባ ገብቷል። አሁን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን እንጀምራለን።» ከዚያ ወደ አስካለ ዞረ። «ከዚህ በፊት እግሯ ላይ የረጋ ደም ታይቶ ያውቃል?»

አስካለ ወደ በሩ እያመለከተች «ውጭ ወጥተን እንነጋገር» አለችው።

«በሽተኛዋ ነቅታለች። እዚሁ ይንገሩኝ» አላት።

ነገረችው። ክሊኒኩ ደውሎ ነበር። ከጉልበት በታች ትንሽ የረጋ ደም አለ ብሏል። በሳምንቱ እንደገና በአልትራሳውንድ ትታይ፣ እስከዚያ ረጅም በረራ አትብረር ብሏል። ቀጠሮውን ስላልመጣሁ ኦሳካ ድረስ ሲደውሉ የነበሩትም እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ እኔን ሳታይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «ሠርጉ ሲያልፍ ልነግርሽ ነበር እኮ። አስፕሪንም ደም ያቀጥናል ብዬ ነው። ሁሉ በጊዜው ብዬ፣ እትዬ» አለችኝ።

የኦክስጅኑን ጭምብል አነሳሁ። «ውጪ» አልኳት። ትንፋሼ የበቃው ለዚያች ቃል ብቻ ነው።

መርዶው የእኔ ነበር። ሁሉም ያውቅ ነበር። ጋሽ ግርማ መጥቶ ባርኔጣውን እያሻሸ «እንዳትጨነቂ ብለን ነው፣ እመቤቴ» አለኝ። እመቤቴ አትበለኝ አልኩት። ዮናስም ያውቅ ነበር። ከሁሉ የወጋኝ እሱ ነው። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ አለቀሰ። «እናቴ ካልሲው ኢናፍ ነው አለችኝ። ሶሪ፣ ትልቋ እማዬ። ሪሊ ሶሪ። ሠርጉን ላስተላልፈው?» አለ። አግባ አልኩት። ልጃችሁን ስጡን የሚለውን ቃል ያለ እኔ ጋሽ ግርማ ተናገረው። እንዳልቀር ብለው በደበቁኝ ሠርግ ላይ አልነበርኩም።

አስካለ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ሥራዋ በረረች። እኔ ሐኪሙ ብረሪ እስኪለኝ መቆየት ነበረብኝ። ሙሽሮቹ ያላቸው አንዲት ክፍል ስለሆነች፣ ከሆስፒታል ስወጣ የተመለስኩት እዚያው ሆስቴል ነው፤ ሳቺኮ ደረጃ የሌለበትን፣ ከመቀበያው አጠገብ ያለውን ክፍል ከፈተችልኝ፤ እዚያም ታችኛውን አልጋ ያዝኩ፣ ይህን ጊዜ ግን ለምን እንደተሰጠኝ እያወቅኩ። ጠዋት የቁማር ቤቱ ገና ሳይከፈት፣ መንገዱ በውሃ ሲታጠብ፣ ሐኪሙ ባዘዘኝ መሠረት በመጀመሪያ እስከ ማዕዘኑ፣ በኋላ እስከ ባቡር ጣቢያው መግቢያ እየሄድኩ እመለሳለሁ፤ የጀርባ ቦርሳ የተሸከሙት ልጆች እያለፉ ሰላም ይሉኛል፣ ከየት እንደመጣሁ ይጠይቁኛል፣ እኔም ሚኒሶታ እላቸዋለሁ። ሳቺኮ ተመልሼ ስገባ ትጠብቀኛለች። በጃፓንኛ ለስልኳ ትነግረዋለች፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፦ «ዛሬ ፊትሽ መጥፎ ነው። ተኚ።» ወይም «ትላንት ከዛሬ የተሻለ ተራምደሻል።» ስታስታምመኝ አንድም ቀን አልደለለችኝም። ፊቴ መጥፎ ሲሆን መጥፎ ነው የሚለኝ ሰው ማግኘት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

ወደ ቤቴ ስመለስ ዋርፋሪን ላይ ነበርኩ። ይህ ኪኒን ደም ያቀጥናል፤ መጠኑ አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ይለካል። እንደ እኛ ላለ ጿሚ ሕዝብ የማይነገር ችግር አለው፦ ጎመን ሲበዛ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ መሶቡ ላይ ጎመኑን በድንገት አበዛሁና ልኬቴ ወረደ። ሐኪሜ «ጎመን አትተይ፤ በየሳምንቱ ግን እኩል ብዪ፣ ጾም ሲገባም አስቀድመሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተስተካከለ።

ይህን የጻፍኩት በዚህ ሕመም ለተያዛችሁ ነው። አንድ እግራችሁ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባታችሁ ከታመመ ድካም ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ታዩ። ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ውሃ ልጠጣ ብላችሁ አትዘግዩ፣ አምቡላንስ ጥሩ። ውጤት ሳትሰሙ አውሮፕላን ላይ አትውጡ። በክሊኒኩ የሚመዘገበው ስልክ የራሳችሁ ይሁን። እንግሊዝኛው ቢያቅታችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ያመጡላችኋል፣ የማታውቁት ሰው ስለሆነ የሚደብቃችሁ ነገር የለውም። ለአስታማሚዎችም አንድ ቃል አለኝ። መርዶ ቢዘገይ ሟቹ ምንም አይሆንም፤ አንዴ ሞቷል። በሽተኛ ግን ሙት አይደለም። ቀን ሲያልፍበት ይሞታል።

ኦክስጅኑን ያደረጉልኝን ነርሶች፣ «እዚሁ ይንገሩኝ» ያለውን ሐኪም፣ ከንፈሬን አይታ ያልዋሸችኝን ሳቺኮን አመሰግናለሁ። ዮናስ በየሳምንቱ ይደውልልኛል፤ አያኮም «ትልቋ እማዬ» ማለት ለምዳለች። እነሱን ይቅር ብያለሁ። አሁን ስል እውነቴን ነው።

አስካለ ግን። ሳንባዬንና ልቤን ለመጨረሻ ጊዜ አንስተው ውጤት በምጠብቅበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ምግብ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ሳለች ስልኬ ጮኸ። ክሊኒኩ ነው፤ አስተርጓሚዋም መስመር ላይ አለች። ቆሜ ሰማሁ። የገባኝን ደግሜ ጠየቅኩ። አመስግኜ ዘጋሁ። አስካለ ሳህኑን እንደያዘች ፊቴን ትመረምራለች።

«ምን አሉ?» አለች። «እትዬ? ምን አሉሽ?»

«ሁሉ በጊዜው» አልኳት፣ ሳህኑንም ተቀበልኳት።

ብዙ ጊዜ ጠይቃኛለች። በጋሽ ግርማም አስጠይቃለች። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን ማንበቧ አይቀርምና ጊዜው አሁን ይሁን፦ አስካለ፣ ሳንባዬ ንጹሕ ነው።