ልጄ የመረጠችው የስድስት ወር ወረቀት

በ2014 ዓ.ም. ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጎሮ ያለ የፕላስቲክ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ነበርኩ፤ የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከልጄ ጋር ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ።

ልጄ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት አሥራ ሁለት ዓመት ቆማለች። ቆማለች የምለው እውነቴን ነው፤ እግሯ አብጦ ስትገባ ጫማዋን የማወልቅላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ የቁም ሥራ ተይ አላት። አሰበች አሰበችና የሰው ሀብት አስተዳደር ልማር አለች፤ እኛ ድሮ ፐርሶኔል የምንለውን፣ ሠራተኛ የሚቀጥረውን፣ ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍል። እሰየው አልኩ። የተጣላነው በወረቀቱ ነው። እሷ የስድስት ወር ሰርተፍኬት ይዤ በጀማሪነት ልግባ ትላለች፤ እኔ ቅዳሜና እሁድ እየተማርሽ አራት ዓመት ታግሰሽ ዲግሪ ያዢ እላለሁ። በብሎካችን የጎረቤቱ ሁሉ ግድግዳ ላይ ጋውን የለበሰ ልጅ ፎቶ አለ። የእኛ ባዶ ነው።

«የስድስት ወር ወረቀት ማንም አለው» አልኳት።

«አባዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ እግር ትሪ ልሸከምልህ? ፎቶውን ነው የምትፈልገው ወይስ እኔን?»

«ሁለታችሁንም!»

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ግትር ነኝ። ገርጂ ያለው ማሠልጠኛ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የሆቴል ሙያ የተማረችበትን ዲፕሎማ ኦሪጅናሉን ከሻንጣዋ አውጥቼ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩት። ያለ ኦሪጅናል አይመዘግቧትም፤ ቀኑ ሲያልፍባት ወደ ዲግሪው ትመጣለች ብዬ ነው።

በነጋታው ፋብሪካችን የሥራ ማስታወቂያ አውጥቶ ስለነበር የአመልካቾችን ፖስታ በሩ ላይ ስቀበል ዋልኩ። ፖስታዎቹን ለመውሰድ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ራሷ ወረደች፤ ልጄን የምታክል፣ ሰው የማትንቅ ሴት ናት። እንደ ዋዛ ጠየቅኳት።

«እኔም በሰርተፍኬት ነው የገባሁት አባባ» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ፋይል ደረደርኩ። ዲግሪውን ሥራው ላይ ሆኜ፣ ቁጭ ብዬ ተማርኩት። ልጅዎ ምን ሠርታ ታውቃለች?»

«አስተናጋጅ ናት። የተቆጣ ሰው ታበርዳለች።»

«ታዲያ ግማሹን ታውቀዋለቻ! ትመዝገብ እንጂ።»

«ወረቀቷ እኔ ጋ ነው» አልኩና ኪሴን ነካሁ። ነገሩን አወጣሁላት።

ሳቋ አመለጣት። «አባባ! የሠራተኛ ኦሪጅናል ይዞ ማስቀረት እኮ ለእኛም አይፈቀድልንም። አይተን፣ ኮፒውን አስቀርተን እንመልሳለን። እርስዎ ልጅዎን አስረው ያዟት እኮ!»

እሷ ቀልዳ ሄደች፤ ንግግሯ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ቤት ስገባ ልጄ ሻንጣዋን ዘርግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አልቅሳለች። ወረቀቱን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን አንስታ አየችውና፣ «እኔ እኮ ጣልኩት ብዬ ራሴን ስረግም ዋልኩ» አለች። ከዚያ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ውሃ አሞቅኩ፣ ጨው ጨመርኩበት፣ እግሯን በሳፋ ነከርኩላት። «አጠፋሁ» አልኳት። ለልጅ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

«ነገ መዝጊያው ነው፤ እኔ ደግሞ የጠዋት ፈረቃ ነኝ» አለች።

«አባት የለሽም እንዴ?»

«አባትማ ነው የደበቀው!» ብላ በሳፋው ውሃ ረጨችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፈረቃዬን ባልደረባዬ እንዲሸፍንልኝ ለምኜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገርጂ ወረድኩ። ማሠልጠኛው በር ላይ ቀዳሚው እኔ ነበርኩ። መዝጋቢዋ፣ «አባባ፣ የሚማሩት እርስዎ ነዎት?» ስትለኝ ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። «ልጄ ናት» አልኩና ዲፕሎማዋን ሰጠኋት። ቅጹን ልሙላልዎት አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። የልጄን ስም በራሴ እጅ፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩ፤ ከታች ሰርተፍኬት የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።